ቀብዱን ማን በላው? ከኅዳር በሽታ እስከ 2012ቱ የወንጪ ጉዟችን



ሰሞኑን አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈችልኝ። ሰላምታው፣ የልጇ ፎቶ፣ «ቲቸር ጤናዎ እንዴት ነው?» ሁሉ ካለቀ በኋላ መጨረሻ ላይ «ቲቸር፣ የወንጪዋ መቶ ብሬስ?» ብላ የሚስቅ ፊት ጨመረችበት። እኔም ሳቅኩ። ማታ ተኝቼ ግን ነገሩ አልለቅ አለኝ። መቶ ብር ዛሬ ምን ትገዛለች? ግን እሷ ብቻ አይደለችም፣ ሠላሳ ሰው ነው መቶ መቶ ብር የሚጠይቀኝ። ስለዚህ መልሱን ለሁላችሁም እዚሁ ልጻፈው አልኩ። ይረዝማል፤ ቡና እያፈላችሁ አንብቡት።

ታሪኩን ለማታውቁ ባጭሩ ልንገራችሁ። በ2002 ዓ.ም. ያስተማርኳቸው ልጆች አሥረኛ ዓመታቸውን ለማክበር ከፋሲካ በኋላ፣ ሚያዝያ 17 ቀን 2012፣ ቅዳሜ፣ ወንጪ እንሂድ አሉኝ። ሠላሳ ሆነን እያንዳንዳችን 200 ብር አዋጣን፤ 6 ሺህ ብር። ገንዘብ ያዡ እኔ። ሁለት አባዱላ ለመከራየት ከአንድ ባለመኪና ጋር ተነጋግሬ 3 ሺህ ብር ቀብድ ሰጠሁ። የቀረው ለምሳና ለጀልባ ነበር። ከዚያ ኮሮና መጣ። የቀረውን ብር መቶ መቶ አድርጌ ለሁሉም መለስኩ። ቀብዱ ግን አልተመለሰም። የተማሪዬ መቶ ብር እንግዲህ እሷ ናት።

ያን ጊዜ በባለመኪናው በጣም ተናድጄ ነበር። «የሰው ችግር ላይ የሚነግድ» ብዬ ያላማሁበት ቦታ የለም። ዛሬ ላይ ሆኜ ስመረምረው ግን ነገሩ እንደዚያ አይደለም። የታሪክ አስተማሪ ስለሆንኩ ወደኋላ ሄጄ ልምጣ።

በሽታ ሲመጣ ጉዞ ይቋረጣል። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በ1858 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ጣና ዳር ቆራጣ ሰፍረው ሳለ ሠራዊቱ ውስጥ ኮሌራ ገባ። ንጉሡ ያደረጉት ሰፈሩን ነቅሎ ወደ ደጋው፣ ወደ ደብረ ታቦርና ጋፋት መሄድ ነበር። ይዘዋቸው የነበሩትን አውሮፓውያንም አብረው ወሰዷቸው። ስለ ረቂቅ ተሕዋስ የሚያውቅ በዚያ ሰፈር ማንም አልነበረም፤ ቆላው ይገድላል፣ ደጋው ያድናል የሚለው ዕውቀት ግን ነበር። ለዚያ ዘመን ክፉ ዕውቀትም አልነበረም። በዚያ ጉዞ ላይ ግን «ኪሳራው የማን ነው?» ብሎ የጠየቀ የለም። የንጉሥ ጉዞ ቀብድ የለውማ! ኪሳራው ሁሉ የገበሬው ነው። ሠራዊቱ በደረሰበት የገበሬው ጎተራ ይከፈታል፣ አለቀ።

ያው በዚያው ሰሞን፣ እ.ኤ.አ. በ1865፣ መካ ላይ በሐጅ ወቅት ኮሌራ ገብቶ 15 ሺህ ያህል ሐጃጅ እንደሞተ ይገመታል። ሐጃጆቹ በእንፋሎት መርከብ ወደየአገራቸው ሲመለሱ በሽታው ግብፅ ገባ፣ ከግብፅ አውሮፓ ገባ። በሚቀጥለው ዓመት መንግሥታት ቁስጥንጥንያ ላይ ተሰብስበው በቀይ ባሕር የሚያልፉ መርከቦች እንዴት ይመርመሩ፣ የት ይቁሙ ብለው ተከራከሩ። የኋላ ኋላ እንደ ካማራን ደሴት ያሉ ማቆያዎች የተቋቋሙት ከዚህ ክርክር ነው። ልብ በሉ፤ የመንግሥታቱ ክርክር ስለ ጤና ብቻ አልነበረም። መርከብ በቆመ ቁጥር ገንዘብ ይቆማል። እንግሊዞች ማቆያው እንዲላላ የሚገፉት መርከቡ በብዛት የእነሱ ስለነበረ ነው።

እኛ ዘንድ ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ባቡሩ ከገባ ሁለት ዓመት ሳይሞላ በ1911 ኅዳር ላይ ያ የዓለም ጉንፋን መዲናይቱን መታት፤ «የኅዳር በሽታ» ያልነው። አዲስ አበባ ላይ ብቻ ከዘጠኝ እስከ አሥር ሺህ ሰው እንደሞተ የዘመኑ ጸሐፊዎች አስቀምጠዋል። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪም ታመው ተርፈዋል። ቀባሪ ጠፍቶ ነበር። ዛሬም ኅዳር 12 ሚካኤል ቀን ቆሻሻ ሰብስበን የምናጤሰው፣ «ኅዳር ሲታጠን» የምንለው፣ ከዚያ የቀረ ነው። አምቦም ላይ በዚያ ቀን ጠዋት ጭሱ ሰፈሩን ሲሞላው ልጆች ይጨፍሩበታል፤ ለምን እንደሚጤስ የሚነግራቸው ሲኖር ደግሞ ጥሩ ነበር።

የኅዳር በሽታ ጊዜ ሰው ከከተማ ወደ ገጠር ሸሸ። ሲሸሽ በሽታውን ይዞ ሄደ። የ2012ቱ መንግሥታዊ ውሳኔ ሁሉ፣ መንገድ መዝጋቱ፣ መኪና ማቆሙ፣ ያንን ስሕተት ላለመድገም የተደረገ ነው ብል የተጋነነ አይመስለኝም። የዛን ጊዜ መንገደኛ በእግሩና በበቅሎው ነበር። የ2012 መንገደኛ ግን ትኬት ቆርጧል፣ ቀብድ ከፍሏል፣ ውል አለው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

እስቲ መጋቢት 2012ን እናስታውስ። መጋቢት 4 ቀን፣ ዓርብ፣ የመጀመሪያው ታማሚ ተገኘ፤ ከቡርኪና ፋሶ የመጣ የ48 ዓመት ጃፓናዊ። መጋቢት 7 ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ትላልቅ ስብሰባዎችም ተከለከሉ፤ ለ15 ቀን ተብሎ። (አስራ አምስት ቀን! አሁን ሲታሰብ ያስቃል።) መጋቢት 11 የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ 30 አገሮች የሚያደርገውን በረራ አቆመ። መጋቢት 14 የየብስ ድንበሮች ተዘጉ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መጀመሪያ ግቢያችሁ ቆዩ ተባሉ፣ ከጥቂት ቀን በኋላ ወደየቤታችሁ ሂዱ ተባሉ። የአምቦ ዩኒቨርሲቲ ልጆች ሻንጣቸውን ተሸክመው መናኸሪያ ሲሰለፉ የነበረውን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። የወለጋ ልጆች ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበረባቸው። በወለጋ ዞኖች ኢንተርኔት ከታኅሣሥ መጨረሻ ጀምሮ ተዘግቶ ስለነበር ቤተሰብ ስለ በሽታው የሚሰማው በሬዲዮና በወሬ ብቻ ነበር። የተከፈተው መጋቢት መጨረሻ ላይ ነው።

መጋቢት 20ዎቹ ሲገቡ ኦሮሚያ የሕዝብ ትራንስፖርት አቆመ። ከዚያ መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ አዋጅ ቁጥር 3/2012፣ ለአምስት ወር። በዝርዝር ደንቡ ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ፣ ተሽከርካሪ በግማሽ እንዲጭን ተደረገ። ያኔ ነው እንግዲህ ታሪፉ እጥፍ የሆነው። አምቦ መናኸሪያን የሚያውቅ ሰው እንዴት ዝም እንዳለች ሊያምን አይችልም ነበር። «ጊንጪ፣ ሆለታ፣ አዲስ አበባ!» የሚል አንድ ረዳት የለም። ተራ አስከባሪ የለም። ጉደር ድረስ አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር በእግሩ የሚሄድ ሰው አይቻለሁ።

ፋሲካ ሚያዝያ 11 ዋለ፤ ቤት ተዘግቶ። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ የሠርግ ወቅት ነው። ከአዲስ ዓለም እስከ ባኮ ስንት ሠርግ እንደተሰረዘ ማን ቆጥሮት! ድንኳን፣ ቬሎ፣ ቪዲዮ፣ ዲኮር፣ አዳራሽ፣ የሙሽሮች መኪና፤ ለሁሉም ቀብድ ተከፍሎ ነበር። ኢየሩሳሌም ለፋሲካ ለመሳለም የተመዘገቡ ነበሩ፤ እስራኤል መጋቢት ላይ በሯን ለውጭ ዜጋ ዘጋች። ሐጅ ለማድረግ ዕድሜ ልካቸውን ያጠራቀሙ አባቶች ነበሩ። ሳዑዲ ዑምራን ያቆመችው የካቲት 19 ነው፣ እኛ ጋ አንድም ሰው ሳይታመም። መጋቢት መጨረሻ ላይ የሐጅ ሚኒስትራቸው በየአገሩ ያላችሁ ውል ለመፈራረም አትቸኩሉ፣ ጠብቁ ብለው ተናገሩ። ይህችን «አትቸኩሉ» የምትል ቃል ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ። በመጨረሻ ሰኔ 15 ላይ የዚያ ዓመት ሐጅ ሳዑዲ ውስጥ ለሚኖሩ ጥቂት ሰዎች ብቻ እንዲሆን ተወሰነ።

በዓለም ደረጃ የዚህ ነገር ምልክት የሆኑት እነዚያ ትልልቅ የመዝናኛ መርከቦች ናቸው። ዳይመንድ ፕሪንሰስን ታስታውሳላችሁ? ጥር መጨረሻ ላይ 3,711 ሰው እንደጫነች ጃፓን ዮኮሃማ ወደብ ላይ ተይዛ ከ700 በላይ ሰው ተያዘባት። ለሳምንታት የዓለም ዜና እሷ ነበረች። ከዚያ መጋቢት ላይ የመርከብ ድርጅቶቹ ሁሉ ጉዞ አቆሙ፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ብሬን መልሱ አለ። ድርጅቶቹ ያመጡት መፍትሔ ደስ ይላል፤ ለተማሪዎቼ በምሳሌነት ነግሬያቸዋለሁ። እንደ ሮያል ካሪቢያንና ኖርዌጂያን ያሉት «ድርጅቱ ጉዞውን የሰረዘባችሁ ሰዎች ጥሬ ገንዘባችሁን መውሰድ ትችላላችሁ፣ ወይም የከፈላችሁትን 125 በመቶ የሚሆን ለወደፊት ጉዞ የሚያገለግል ክሬዲት ውሰዱ» አሉ። ማለትም ሺህ ብር ከፍለህ ከነበረ ሺህህን ውሰድ፣ ወይም በሚቀጥለው ዓመት የ1,250 ብር ጉዞ እናስጉዝህ።

ለምን ይመስላችኋል እንዲህ ለጋስ የሆኑት? ደግነት አይደለም። አስቀድሞ የተከፈለ ብር ያለ ወለድ የተገኘ ብድር ነው። ድርጅቱ ብሩን አስቀምጦ አይጠብቅህም። ነዳጅ ገዝቶበታል፣ ደመወዝ ከፍሎበታል፣ የባንክ ዕዳ ከፍሎበታል። ሁሉም ሰው በአንድ ቀን መጥቶ መልስ ቢለው የሚመልሰው የለውም። የዓለም አየር መንገዶች ማኅበር ያኔ ሲያሰላ አየር መንገዶች ለመንገደኞች መመለስ የሚኖርባቸው ያልበረሩበት ትኬት እስከ ሰኔ ድረስ 35 ቢሊዮን ዶላር ይደርሳል ብሎ ነበር። የመርከብ ድርጅቶቹ ደግሞ መርከቦቻቸውን ግብር ለመሸሽ ፓናማና ባሃማስ ስለሚያስመዘግቡ፣ ድርጅቶቹም በውጭ አገር ሕግ የተቋቋሙ ስለሆኑ፣ የአሜሪካ መንግሥት ለድርጅቶች ባወጣው የድጋፍ ገንዘብ አልተካተቱም። ካርኒቫል መርከቦቹን መያዣ አድርጎ 4 ቢሊዮን ዶላር ተበደረ፤ ወለዱ 11.5 በመቶ! በዶላር 11.5 በመቶ ማለት የተጨነቀ ሰው የሚበደረው ነው።

የእኛው አየር መንገድም ተመትቷል። በዚያ ሚያዝያ ላይ ሥራ አስፈጻሚው አቶ ተወልደ ገብረማርያም ኪሳራው 550 ሚሊዮን ዶላር መድረሱን ተናግረዋል። ያዳነው ጭነት ነው፤ የመንገደኛ አውሮፕላን ወንበሩ ተነቅሎ ጭምብልና የሕክምና ዕቃ ሲያመላልስ ከረመ። እስካሁን የሚያስደንቀኝ ውሳኔ ነው፤ የመንግሥትን እጅ ሳይጠብቅ ከዚያ ዓመት መውጣቱ።

አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። በሽታ ጉዞን ስለሚያሰርዝ መንግሥታት የበሽታን ስም ይፈራሉ። እ.ኤ.አ. በ1970 ጊኒ ኮሌራ የለብኝም ብላ ስትክድ የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ ወጥቶ አለ ብሎ ተናገረ፤ ለዚያ ዘመን ያልተለመደ ነገር ነበር። እኛም አገር በ1998ም በ2008ም «አተት» እየተባለ የከረመው ነገር ምን እንደሆነ ሐኪም ወዳጆቼ ያውቁታል። በ2011 ነው ኮሌራ ተብሎ በስሙ የተጠራው። ስም ከተጠራ ቱሪስቱ ይቀራል፣ ሥጋና አትክልት የሚገዛው ይሰርዛል። ለአንድ ሰው ቀብድ የሆነው ነገር ለአገር የውጭ ምንዛሪ ነው። በዚህ ላይ ሌላ ጊዜ።

አሁን ወደ ባለመኪናዬ ልመለስ።

ቀብድ የሚለው ነገር በሕጋችን ውስጥ አለ። ብዙ ሰው አያውቅም። በ1952 ዓ.ም. የወጣውና ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ረኔ ዳቪድ ያረቀቁት የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ እስከ ዛሬ የምንሠራበት፣ አንቀጽ 1883 እና ተከታዮቹ ስለ ቀብድ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሌላ ስምምነት ከሌለ በስተቀር፣ ቀብድ የሰጠው ሰው ውሉን መተው ይችላል፣ ቀብዱ ግን ይቀርበታል። ቀብድ የተቀበለውም መተው ይችላል፣ ግን የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። አንቀጽ 1885። ፕሮፌሰሩ ከፈረንሳይ ይዘውት ይምጡ እንጂ ገበያችን የሚያውቀው ነገር ነው። ጉደር ገበያ በሬ የሚሸጥ ሰው ይህንን ሕግ ሳያነብ ያውቀዋል።

ሁለቱም ሳይፈልጉ ውሉ ቢፈርስስ? ለዚያም ሕጉ መልስ አለው። አንቀጽ 1792 እና 1793 ከአቅም በላይ ስለሆነ ኃይል ይናገራሉ። ከአቅም በላይ ናቸው ከሚላቸው ውስጥ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ ጎርፍ፣ ጦርነት አሉ፤ ወረርሽኝ በስሙ አልተጠቀሰም። አንድ ነገር ግን አለ፦ መንግሥት በይፋ ሲከለክል። አዋጅ ወጥቶ ውሉን መፈጸም የማይቻል ከሆነ ማንም ጥፋተኛ አይደለም። ውል ሲሰረዝ ደግሞ በአንቀጽ 1815 መሠረት ተዋዋዮቹ በተቻለ መጠን ወደነበሩበት ይመለሳሉ፤ ማለትም ቀብዱ ይመለሳል።

ይህን ሳነብ ደስ አለኝ። ሕግ ከእኔ ጋር ነው አልኩ። አዋጁ መጋቢት 30 ወጣ፤ ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ፤ ጉዟችን ሚያዝያ 17፣ ሠላሳ ሰው። 3 ሺህ ብሬ ይመለስ! እስከ ነሐሴ ድረስ እንዲህ እያሰብኩ በባለመኪናው ላይ ሳቄን ሁሉ አቆምኩ።

ከዚያ አንድ ማታ የስልኬን መልእክት ወደኋላ እያየሁ ቀኑን አገኘሁት። ለባለመኪናው «ጉዞው ቀርቷል፣ ቀብዱን መልስልን» ብዬ የጻፍኩት መጋቢት 9 ነው። ትምህርት ቤት በተዘጋ በሁለተኛው ቀን። ያኔ የተዘጋው ለ15 ቀን ብቻ ነው። ትራንስፖርት አልቆመም። አዋጅ የለም። ጉዟችን ገና ከአንድ ወር በላይ ይቀረዋል። እና ውሉን ያፈረሰው ማነው? እኔ ነኛ! ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል አይደለም፣ የቸኮለ የታሪክ አስተማሪ ነው። አንቀጽ 1885 ከእኔ ጋር ሳይሆን ከሱ ጋር ነው የቆመው። 21 ቀን ዝም ብዬ ብጠብቅ ኖሮ አዋጁ ራሱ ይሰርዝልኝ ነበር።

(ሕግ አዋቂ ወዳጆቼ በዚህ ላይ ትከራከሩኝ ይሆናል። በኮሜንት ጻፉልኝ፤ እኔ የታሪክ እንጂ የሕግ አስተማሪ አይደለሁም።)

እዚህ ላይ ነው ያቺ «አትቸኩሉ» የምትለዋ ቃል የምትመጣው። የመርከቦቹም ነገር እንዲሁ ነበር። ድርጅቱ እስኪሰርዝ የጠበቀ ሰው ጥሬ ገንዘቡን የመጠየቅ መብት ነበረው። በጥር በየካቲት ፈርቶ ራሱ የሰረዘው ግን በብዙ ቦታ ቅጣት ተቆርጦበታል፣ ቢሳካለት ደግሞ ክሬዲት ነው የተሰጠው። የአየር መንገድ ትኬትም ያው። የአሜሪካ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት በመጋቢት መጨረሻ አየር መንገዶቹን ያስጠነቀቀው አየር መንገዱ ራሱ የሰረዘውን በረራ ገንዘብ መልሱ ብሎ ነው፤ መንገደኛው ስለሰረዘው አይደለም። አስቡት እንግዲህ። ወረርሽኝ ሲመጣ ሐኪሙ የሚለው «ቶሎ ቅሩ፣ ቀድማችሁ ተጠንቀቁ» ነው። ውሉ የሚለው ደግሞ «መጀመሪያ የፈራ ይከስራል» ነው። አስቀድሞ የተጠነቀቀው ሰው ይቀጣል፣ እስከ መጨረሻው ቀን ሻንጣውን ይዞ የቆመው ይካሳል። ይህ ነገር ስንቱን ሰው በዚያ መጋቢት «ብሬ እንዳይበላ» እያለ መንገድ እንዳስወጣው አላውቅም። ግን የማውቃቸው አሉ። አዲስ አበባ ሠርግ ላይ የሄደ፣ «አዳራሹ ተከፍሎበታል» ተብሎ በመጨረሻው ሳምንት የተሞሸረ ዘመድ አለኝ። ማንም አልታመመም፤ ዕድል ነው።

የአስቸኳይ ጊዜው ደንብ ቤት አከራይ ተከራይ እንዳያስወጣና ኪራይ እንዳይጨምር፣ አሠሪ ሠራተኛ እንዳያባርር ከልክሎ ነበር። ጥሩ ነገር ነው። ስለ ቀብድ የሚናገር ግን አላየሁበትም። አንድ መስመር ቢጨመር ምን ነበረበት? «በበሽታው ምክንያት የተሰረዘ ውል፣ ማንም ቀድሞ ይሰርዘው፣ ቀብዱ በግማሽ ይከፈል» ቢል ከስንት ጠብ እንገላገል ነበር። ግማሽ ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ባለመኪናውን መስከረም 2013 ላይ አገኘሁት። መናኸሪያው በር ላይ፣ ያለ መኪና። ልሸሸው ነበር፣ እሱ ቀድሞ «ቲቸር!» አለኝ። ሻይ ጠጣን። ጉዱን ነገረኝ። ሁለተኛውን አባዱላ የገዛው በብድር ነው። 3 ሺህ ብሬን በተቀበለ በሁለተኛው ቀን ከሌላ ብር ጋር ጨምሮ ጎማ ገዝቶበታል። መጋቢት ላይ መኪናው ቆመ፤ የወር ክፍያው አልቆመም። ትራንስፖርት ሲከፈት በግማሽ ነው የሚጭነው። ታሪፉ እጥፍ ቢሆንም ተሳፋሪው ራሱ ግማሽ ስለሆነ ትርፍ አልነበረውም። እንደ ካርኒቫል መርከቡን አስይዞ 4 ቢሊዮን የሚያበድረው የለም። አንደኛውን መኪና ሸጠ።

ከኔ በቀር ስድስት ሰው ቀብድ ከፍሎት ነበር፤ አራቱ ለሠርግ። ሁሉም መልስ ይሉታል። ለሁሉም ያላቸው ነገር አንድ ነው፦ «ቀን እንቀይር፣ ሰኔ ላይ እወስዳችኋለሁ።» አያችሁ? ይህ የሮያል ካሪቢያን ክሬዲት ነው። 125 በመቶው የለውም እንጂ ሐሳቡ ያው ነው። እኔ ያኔ ማጭበርበር መስሎኝ ነበር።

ሰኔስ? ሰኔ 2012ን ለአምቦ ሰው መንገር አያስፈልግም። ሰኔ 22 ማታ ሃጫሉ ሁንዴሳ አዲስ አበባ ላይ ተገደለ፤ ሰኔ 25 አምቦ፣ በተወለደባት ከተማ፣ ተቀበረ። ኢንተርኔት ተዘጋ፣ መንገድ ተዘጋ። በዚያ ሐምሌ ስለ ወንጪ ጉዞ የሚያስብ ሰው ቢኖር እፍረት ነበር። ከኛ ልጆች ውስጥ የሱ የሰፈር ልጆች፣ ከሱ ጋር ኳስ የተጫወቱ አሉ። ቡድኑ ራሱ ዝም አለ። ዓመታት ዝም ብሎ ቆየ።

በነሐሴ ማለቂያ ላይ አዋጁ አበቃ። በዚያው ነሐሴ ወንጪ በ«ገበታ ለሀገር» ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር ተመርጣ ስሟ በየቴሌቪዥኑ መነገር ጀመረ። የሚገርመው፣ አምቦ ተወልዶ ያደገ ስንት ሰው ከከተማው በስተደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ግድም ያለውን ሐይቅ አላየም! እኔም ራሴ ያየሁት ሁለት ጊዜ ነው። ከላይ ከገደሉ አፋፍ ሆናችሁ ስታዩት በእሳተ ገሞራ የተቦረቦረ ትልቅ ሳህን ውስጥ ሰማያዊ ውሃ፣ መሐሉ ላይ ደሴት፣ ደሴቱ ላይ የቂርቆስ ገዳም። ወደ ገዳሙ በጀልባ ነው የሚኬደው። ፈረሱም ጀልባውም የአካባቢው ሰው በማኅበር ተደራጅቶ በተራ የሚሠራበት ነው። መጋቢት 2012 ላይ እነዚያም ባለፈረሶች፣ እነዚያም ባለጀልባዎች ተራቸው እንደደረሰ ቆሙ። እነሱ ግን ቀብድ የሚባል ነገር አልተቀበሉም ነበር። ያልተቀበሉትን ማንም መልሱ አላላቸውም፤ የጠየቃቸውም የለም። ከሁላችንም በላይ የከሰሩት እነሱ ይመስሉኛል፤ በየትኛውም አንቀጽ ግን ስማቸው አይገኝም።

ባለመኪናው ሻዩን ጨርሶ ሲነሳ «ቲቸር፣ ሂሳባችን አለ፣ አልረሳሁትም» አለኝ። «ቀድሜ የሰረዝኩት እኔ ነኝ፣ ሕጉ ካንተ ጋር ነው» ልለው ፈልጌ ነበር። አፌ ላይ መጥቶ ዋጥኩት። ለምን እንደዋጥኩት እስከ ዛሬ ግልጽ አይደለሁም። 3 ሺህ ብር ያን ጊዜ ቀላል አልነበረም፣ የሠላሳ ሰው ብር ነው፣ እኔ ብቻዬን የምምረው አይደለም፤ ይህን ለራሴ እላለሁ። ትንሽ ደግሞ ክብሬም ነበረች። ለስድስት ወር ያማሁትን ሰው ፊት ለፊት «ጥፋቱ የኔ ነው» ማለት አስተማሪን ያስቸግረዋል።

እንግዲህ መልሱ ይኸው። የወንጪዋን መቶ ብር የበላው ባለመኪናው አይደለም፤ መጋቢት 9 ማታ ቸኩሎ መልእክት የላከው ገንዘብ ያዣችሁ ነው። ለጠየቀችኝ ልጅ ዛሬ ጠዋት መቶ ብሯን በቴሌብር ልኬላታለሁ። «ቲቸር ቀልዴን ነው እኮ!» ብላ መልሳ ላከችው። ሃያ ዘጠኞቻችሁ የቴሌብር ቁጥራችሁን በውስጥ መስመር ላኩልኝ። ለባለመኪናውም ነገ ጠዋት ልደውልለት ነው። መኪና እንደገና ገዝቷል አሉ፤ በጌዶ መስመር ይሠራል።